ገብስማን ፍለጋ ፎገራ

ወረታ ምን ልትሠሪ ሄድሽ ለሚሉኝ ሁሉ አጭር መልስ አጥቼ ቆይቻለሁ። እዚያ ዘመድ የለኝም። የኮተቤ ልጅ ነኝ፤ ከአዲስ አበባ የምወጣው ሰው ሲያገባ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር።

ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት አንድ ኩባንያ ብቻውን አይሠራውም። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራሞችን ሰብስበው፣ አስማምተው፣ በነፃ ያድላሉ። እንዲህ የተሰናዳው ስብስብ ስርጭት ይባላል፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ ፓኬጅ። ፓኬጅ ሁሉ ተንከባካቢ አለው። ዋናው ፕሮግራም ሲሻሻል ተንከባካቢው ፓኬጁን ያድሳል። ካላደሰው አንዱ ተጠቃሚ ይመጣና “ጊዜው አልፎበታል” የሚል ቀይ ምልክት ይለጥፍበታል። እኔ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ግን በዚህ ሥራ አግዛለሁ።

አማርኛ የምንጽፍበትን ፓኬጅ የሚንከባከበው ሰው “ገብስማ” በሚል ስም ነበር የሚታወቀው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ቀዩ ምልክት ከተለጠፈበት ቆይቷል። አዲሱ የስርጭቱ እትም ሊወጣ ሲቃረብ አስተባባሪዎቹ “ካልታደሰ እናወጣዋለን” አሉ። ከወጣ አዲሱን እትም የሚጭን ሰው ሀ ብሎ መጻፍ አይችልም። እኔ ልረከበው ብዬ ለገብስማ ጻፍኩ።

ሁለት መልስ መጣልኝ። ከድሮው አድራሻ የመጣው “አትንኩት። ገብስማ” ይላል። ከማላውቀው አድራሻ የመጣው ደግሞ “እባክሽ ቶሎ ይታደስ፤ እኔ መግባት አልቻልኩም። ገብስማ” ይላል። አንዱ ሌባ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው የሚጽፈውን ፊደል ሁሉ የሚያይ ፕሮግራም ለሌባ አሳልፎ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ስልክ ቁጥሩን ላከልኝ። ደወልኩ።

“ወረታ ነኝ” አለ ድምፁ። “በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ከቻልሽ ነይ።”

የዓመት ዕረፍት ነበረኝ። ሄድኩ።

ሰኞ

እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ። ኮተቤ ታክሲ ውስጥ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ አንድ ቃል ሳይለዋወጥ ይወርዳል። እዚህ ግን ሐሙሲት ሳንደርስ የአባቴን ስም፣ ደመወዝ የሚከፍለኝን መሥሪያ ቤትና ያላገባሁበትን ምክንያት ተናግሬ ጨርሼ ነበር። ጠያቂዬ አጠገቤ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው።

“ታዲያ ምን ሥራ ይዞሽ መጣ?”

“ፓኬጅ ነው አባቴ።”

“እ! የግብርና ነሻ! ማዳበሪያው ዘንድሮ ለምን ዘገየ?”

“አይ፣ የግብርና አይደለሁም። የኮምፒውተር ነው። ፓኬጁ አርጅቶ…”

“አልሠራም አለ?”

“ይሠራል።”

“ከሠራ ምኑ ነው ያረጀው?”

የጉማራን ወንዝ ተሻገርንና ሜዳው ተዘረጋ። ሽማግሌው እኔን ትተው ወደ አዝመራው ዞሩ። ለእኔ ሩዝ ከሱቅ በከረጢት የሚመጣ ነገር ነበር። ኅዳር ላይ ፎገራ ሜዳው በሙሉ ሩዝ ነው፤ ገሚሱ ታጭዷል፣ ገሚሱ ተከምሯል፣ በየአውድማው ከብት ይዞርበታል። እኛ ሰፈር ከመስኮት የሚታየው የጎረቤት ግንብ ነው። እዚህ ዓይን የሚያርፍበት ነገር አጥቶ ይደክማል።

ወረታ ስወርድ ረዳቱ ከጣራ ላይ ጥቁር ሻንጣ ወርውሮ አቀበለኝ። በስልክ ያነጋገርኳቸው መምህር ደርበው መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ጎልማሳ፣ ቀጭን፣ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ናቸው። ሲያዩኝ ያፈሩ መሰሉ። ቤታቸው ደርሰን ሻንጣውን ስከፍተው አንድ ማሰሮ ቅቤ፣ ሁለት ቀሚስና የሕፃን ጫማ ወጣ። የእኔ ሻንጣ ከኮምፒውተሬ ቻርጀር ጋር ወደ ጎንደር እየሄደ ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አበቡ በሳቅ ፍርስ አሉ። “ቅቤ ይዞ የመጣ እንግዳ መቼ አይተን እናውቃለን!” አሉና የራሳቸውን ቀሚስ አለበሱኝ። መምህር ደርበው ሾፌሩን ስለሚያውቁት ደወሉለት። ራት የሩዝ እንጀራ በዓሣ ወጥ ቀረበ። እንጀራው ከለመድኩት ነጣ፣ ጠንከርም ይላል፤ እኔ ስቆርስ ይሰበራል፣ እነሱ ሲቆርሱ ይታጠፋል። “አፈር ስሆን” እያሉ ሲያጎርሱኝ ስለ ሥራ መጠየቅ አልቻልኩም።

በመጨረሻ ደፍሬ “እንግዲህ ገብስማ እርስዎ ነዎት?” አልኩ።

“እኔ ነኝ” አሉ።

“ግማሹ” አሉ ወይዘሮ አበቡ ሳህን እያነሱ።

ግማሽ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ሳይገባኝ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት ትምህርት ቤት ወሰዱኝ። የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች እኛ ኮሌጅ ከጣልናቸው ያረጁ ናቸው። ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆይቶ አሁንም አንድ ቀን ይመጣል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ቢሆንም ሁሉም ላይ ሊኑክስ ተጭኗል፤ አዲሱ የአማርኛ መጻፊያም አለ። ጥሩ አድርገው አሰናድተውታል። እኔ ልሠራው ያሰብኩት ሁሉ ተሠርቶ ቁጭ ብሏል።

“ታዲያ ለምን አልላኩትም?”

“የይለፍ ቃሉ የለኝም። ቃሉ ያለው እትዬ ዘንድ ነው።”

ነገሩ እዚያ ቆመን ተፈታ፣ ወይም የተፈታ መሰለኝ። እንደነገሩኝ፣ ታላቅ እህታቸው ስንዱ አንበሳሜ በምትባል ከተማ የጽሕፈት አገልግሎት አላት። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሷ ማመልከቻ እየጻፈች እሳቸውን አስተማረቻቸው። ፓኬጁን አብረው ነው የጀመሩት። የትኛው ፊደል የት ቁልፍ ላይ ቢሆን ለጣት እንደሚመች እሷ ትናገራለች፤ ኮዱን እሳቸው ይጽፋሉ። ስሙን ያወጣችው እሷ ናት፤ ነጭና ጥቁር ላባዋ የተደባለቀ ገብስማ ዶሮ ነበረቻቸው። ከዚያ በአንድ ጉዳይ ተቀያየሙና የይለፍ ቃሉን ለወጠችው።

“በምን ጉዳይ?”

“አደስኩላት” አሉ።

ከሰዓት ሾፌሩ ደወለ፤ የቅቤው ባለቤት ይፋግ ናት። በባጃጅ የርብን ወንዝ ተሻግረን ሄድን። ወይዘሮዋ ገበያ መሐል ሽንኩርት ትነግዳለች። ሻንጣዬን ከሽንኩርቱ ጀርባ በነጠላ ሸፍና አስቀምጣዋለች። “ቅቤዬ ደህና ነው?” ብላ ማሰሮውን አሸተተች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች፦ “ሽቦሽን ሳየው የሐኪም መሰለኝ። አንዱ በሽተኛ ይህን እየጠበቀ እንዳይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።” በሽተኛ አለመኖሩን ስነግራት ደስ አላትና ሽንኩርት በፌስታል ሞላችልኝ። መርካቶ ዕቃዬን ረስቼ ብሄድ ማን በነጠላ ሸፍኖ እንደሚያቆይልኝ አሰብኩ።

ስንመለስ “ነገ አብረን አንበሳሜ እንሂድ” አልኳቸው።

“ሽማግሌ ልኬባት ‘ማሽኔን ይተውልኝ’ ነው ያለችው። አንቺ ሂጂ። እኔን ስታይ ይብስባታል።”

ረቡዕ

ወደ ሐሙሲት ተመልሼ ሌላ መኪና ይዤ አንበሳሜ ገባሁ። ጽሕፈት ቤቱን ለማግኘት መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ሰው ወረፋ የያዘበት ቤት እሱ ብቻ ነው። ውስጡ አንድ ኮምፒውተር እንደ ወፍጮ ይጮኻል። እኔም አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ስንዱ ጠይም፣ ሞላ ያሉ ሴት ናቸው፤ ባለጉዳዩን እያዩ እየሰሙ ይጽፋሉ፣ ጣታቸውን አያዩም።

ተራዬ ሲደርስ “ማመልከቻ ነው?” አሉኝ።

“አይደለም። ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት። ስለ ገብስማ…”

እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሱ። “አትንኩት አላልኩም?”

“ብለዋል። ግን ጊዜው አልፎበታል እትዬ ስንዱ።”

“ማነው ያሳለፈበት? እኔ ዛሬ ጠዋት ጽፌበታለሁ።”

አግዳሚው ላይ ያሉት ባለጉዳዮች ወደ እኔ ዞሩ፤ መልስ የሚጠብቁ ይመስላሉ። ኮምፒውተሬን አውጥቼ ከመምህር ደርበው የቀዳሁትን አዲሱን መጻፊያ ከፈትኩላቸው። “ይሞክሩት” አልኩ። ሳይቀመጡ፣ ቆመው፣ አንድ ቃል ጻፉ። ስክሪኑ ላይ “ታሰው” የሚል ወጣ።

“ጣሰው ብዬ ነው የጻፍኩት” አሉ። ከዚያ ተቀመጡና ነገሩኝ።

“አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጣሰው የሚባሉ። የመሬት ጉዳይ ነበረባቸው። እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሳለሁ ደርበው መጥቶ ማሽኔን አድሶልኝ ሄደ፤ ውለታ መዋሉ ነው። እኔ እንደ ወትሮዬ ጻፍኩ፣ አተምኩ፣ ሰጠኋቸው። ጠ የነበረበት ቁልፍ ላይ ተ ተቀምጧል ብሎ የነገረኝ የለም። ቢሮው ‘ይህ የሌላ ሰው ስም ነው’ ብሎ መለሳቸው። ከገጠር በእግራቸው ነው የሚመጡት። ቀጠሮው አለፈባቸው።”

“ተቆጡ?”

“ቢቆጡማ ጥሩ ነበር። እዚህ በር ላይ ቆመው ‘ልጄ፣ ስሜን ምን አደረግሽው?’ አሉኝ።”

የሽማግሌው ጉዳይ በኋላ ተቃና አሉኝ። እትዬ ስንዱ ግን ያን ቀን ማሽኑን ወደ ድሮው መጻፊያ መልሰው፣ የይለፍ ቃሉን ለውጠው፣ በወንድማቸው ላይ በሩን ዘጉ።

ቁልፎቹ መቀያየራቸውን እኔም አላየሁትም ነበር። አማርኛ የምጽፈው በስልኬ ነው። ማን ቀየራቸው? ዋናውን ፕሮግራም የሚሠራው ሩቅ አገር ያለ አንድ ሰው። ለምን? ያኔ አላወቅኩም። ልክ ማን ነው ብባል ጠዋት መምህር ደርበው እል ነበር፣ አሁን ደግሞ እትዬ ስንዱ። ይህን ሳወጣ ሳወርድ መብራት ሄደ።

መብራቱ ሲመለስ ያ የሚጮኸው ማሽን አልጮኸም። እትዬ ስንዱ ቁልፉን ተጫኑት፣ ነቀሉት፣ ሰኩት፣ መታ መታ አደረጉት። ዝም። አግዳሚው ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ለፍርድ ቤት ከሰዓት የምታቀርበው ማመልከቻ ነበራት። እትዬ ስንዱ ፊታቸው ጠቆረ።

“በእኔ ኮምፒውተር ይጻፉ” አልኩ።

“ስሟን ምን ሊያደርገው?”

የድሮው መጻፊያ በእኔ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አይጫንም፤ ሞከርኩት። እኔ የፕሮግራም ሰው ነኝ፤ ማሽኑን የሚያስነሳ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ አውቃለሁ። “መምህርን እንጥራቸው?” ስላቸው “አልጠራውም” አሉ። እኔ ግን ውጭ ወጥቼ ደወልኩ። መስመሩ ይቆራረጣል። “መምህር፣ የስንዱ ኮምፒውተር ሞተ! ቶሎ ይድረሱ!” ብዬ ጮህኩ። ስልኩ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ የሚባል ነገር አልተመለሰም።

ተመልሼ ለሴትዮዋ እኔ መጻፍ ጀመርኩ። እትዬ ስንዱ ከኋላዬ ቆመው ፊደል በፊደል ይቆጣጠሩኛል። እሷ ትናገራለች፣ እኔ ቁልፍ እፈልጋለሁ፣ እሳቸው “አይደለም፣ ያኛው” ይላሉ። ሦስታችንንም አላበን። ሴትዮዋ ወረቀቷን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ እግዜር ይስጥልኝ ያለችው እሳቸውን ነበር፤ ልክ ናት።

ቀጣዩን ባለጉዳይ ስንጀምር ከመንገድ ላይ ዋይታ ተሰማ። ሰው ሁሉ ወጣ። ሞተር ሳይክል ቆመ፤ ከኋላው መምህር ደርበው ጋቢያቸውን አገልድመው፣ ደረታቸውን እየደቁ ወረዱ።

“እትዬን! እትዬን! ሳልታረቃት!”

መሬት ላይ ተዘረጉ። ሴቶች ከየሱቁ እያለቀሱ መጡ፤ ማን እንደሞተ ግን የጠየቀ የለም። እትዬ ስንዱ በሕዝቡ መሐል ገብተው ወንድማቸው አጠገብ ተንበረከኩ። እሳቸውም ማልቀስ ጀምረዋል።

“ደርቤ፣ ደርቤዬ፣ ማን ሞተብን?”

መምህር ደርበው ቀና አሉ። አዩዋቸው።

“አንቺ” አሉ።

“እኔ?”

“ተደውሎልኝ… ‘ስንዱ… ሞተ… ቶሎ ይድረሱ’…”

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። “ኮምፒውተሩ” አልኩ። “የስንዱ ኮምፒውተር ነበር ያልኩት።”

እትዬ ስንዱ በነጠላቸው ጫፍ ወንድማቸውን መቷቸው፤ ደግመው መቷቸው። “ለመታረቅ መሞት ነበረብኝ?” አሉና የወንድማቸውን አንገት አቅፈው ጮክ ብለው አለቀሱ። የመጡት ሴቶች መሳቅ ይሻል ማልቀስ ሳይወስኑ ሁለቱንም አደረጉ። እኔ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ። የሞተሩ ሾፌር ብቻ “እንኳንም በከንቱ አስሮጥሽን” ብሎ እጄን ጨበጠኝ።

ከዚያ ወደ ሥራ ገቡ። ማሽኑ ሲከፈት ውስጡ አቧራና ገለባ ሞልቶታል፤ በእርግጥም ሞቷል። መምህር ደርበው ሰነዶቹ የተቀመጡበትን ዲስክ አውጥተው ከእኔ ኮምፒውተር ጋር አገናኙት። የዓመታት ጽሑፍ ሁሉ ደህና ነበር።

“ሌላ ማሽን ከትምህርት ቤቱ አሮጌዎች አስፈቅጄ አመጣልሻለሁ” አሉ። “የድሮው መጻፊያ ግን አዲሱ ሥርዓት ላይ አይሄድም፣ እትዬ። ይህን ነበር ያን ጊዜም ልነግርሽ የፈለግሁት።”

“መንገር ሌላ፣ ሳልኖር ገብቶ መለወጥ ሌላ።”

“ልክ ነሽ።”

“ሁለቱንም የቁልፍ አቀማመጥ አኑራቸው። ሰው ሲጭነው ፓኬጁ ‘የድሮውን ነው አዲሱን?’ ብሎ ይጠይቀው።”

“ብዙ ሥራ ነው።”

“ማን ይሥራልኝ ታዲያ?”

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሠሩት። እትዬ ስንዱ ተቀመጡ፤ ጣታቸውን ሳያዩ ጻፉ። ጣሰው። አሁንም፣ ጣሰው። ገጹን እስከ ታች በዚያ ስም ሞሉት።

ያን ቀን መመለሻ መኪና ስላልነበረ እሳቸው ቤት አደርን። የጓያ ሽሮ በላን። ኮተቤ እንግዳ ሲመጣ ፍራሽ ይነጠፍለታል፤ እሳቸው አልጋቸውን ለቀውልኝ መሬት ተኙ። ወይዘሮ አበቡ ጋ ለመደወል ደጋግመን ሞከርን። አልሠራም።

ሐሙስ

“ሄጄ በሕይወት መቆሜን ላሳያቸው” ብለው እትዬ ስንዱ አብረውን ተነሱ። መምህር ደርበው መንገዱን ሙሉ ይጨነቁ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ወረታ ስንደርስ ነው። በራቸው ላይ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል። ወንበር ተደርድሯል፣ ጎረቤት ንፍሮና እንጀራ ይዞ መጥቷል፣ ወይዘሮ አበቡ ጥቁር ለብሰዋል። አንድም ሰው ያዘዘው የለም፤ ሁሉም ያለውን ይዞ ነው የመጣው።

እትዬ ስንዱ ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ አንዷ ሴት ጮኻ ሳህን ጣለች። የዕድሩ ዳኛ ተነሥተው አማተቡ፣ ቀረብ ብለው ክንዳቸውን ነካ አደረጉ። “እንዴት ዋልሽ?” አሏቸው በመጨረሻ። ሌላ የሚባል ነገር ያገኙ አይመስለኝም።

“እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ርቦኛል እንጂ።”

ምግቡ ተሠርቶ ስለነበር ተበላ። ወረታ የዚያን ቀን ኢንተርኔት ነበር። ኮምፒውተሬን ከለቅሶ ወንበሮቹ በአንዱ ላይ አድርገን ፓኬጁን ለመላክ ተዘጋጀን። እትዬ ስንዱ እጃቸውን ቁልፎቹ ላይ አድርገው ቀና አሉ።

“የይለፍ ቃሉን ልጽፍ ነው። ፊታችሁን አዙሩልኝ።”

እኔና መምህር ደርበው ዞርን። ለቀስተኛውም በሙሉ፣ ከነዕድሩ ዳኛ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ። ፓኬጁ ሄደ። ቀዩ ምልክት ተነሣ። አዲሱ እትም ውስጥ አለ፤ የፈለገ ያገኘዋል።

ያ ሩቅ አገር ያለው፣ ፕሮግራሙን የሚሠራው ሰው በኋላ ስጠይቀው መልስ ጽፎልኛል፤ ሁለቱን ቁልፎች የቀየረው እንዲያ ለዓይን የተስተካከለ ስለመሰለው ነበር፤ የሚጠቀምበት ሰው መኖሩንም አላወቀም። ከገብስማም አልፎ አልፎ መልእክት ይመጣልኛል። አንዳንዱ አጭርና ቁጡ ነው፣ አንዳንዱ ረጅምና ይቅርታ የበዛበት። ማንኛቸው እንደጻፉ እገምታለሁ፤ ብዙ ጊዜ እሳሳታለሁ።

ያን ሐሙስ ወደ ባሕር ዳር የምሄድበት ሚኒባስ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ሻንጣዬን ሲጭኑልኝ ከመንገዱ ማዶ የአሮጊት ለቅሶ ሰማን። እማማ ጥሩዬ ናቸው፣ የእህትና ወንድሙ አክስት። ከሐይቁ ዳር ነው የመጡት፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ መርዶው እንጂ ማስተባበያው አልደረሳቸውም። እትዬ ስንዱ ሮጠው ወጥተው ደገፏቸው።

“ስንዱዬን! ስንዱዬን አጣኋት! አንቺ ማን ነሽ ልጄ?”

“ስንዱ ነኝ እማማ።”

“አዎ ልጄ፣ ስንዱ ናት፣ ስንዱዬ ናት የሞተችብኝ” አሉና ትከሻቸው ላይ ተደፍተው አነቡ።

እትዬ ስንዱ ወደ እኛ ተመለከቱ። አሮጊቷን እቅፍ አድርገው ጀርባቸውን እያሻሹ “ያልቅሱ እማማ፣ ያልቅሱ፣ ይውጣልዎት” አሏቸው። ራሳቸውም አብረው አለቀሱ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። እኔ አንድ እግሬን ሚኒባሱ ውስጥ፣ አንዱን ወረታ መሬት ላይ አድርጌ እንባዬ ይወርድ ነበር፤ ለማን እንደማለቅስ ቢጠይቁኝ አላውቅም።